ከወህኒ የወጣውን ሰው ማን ይቀበለዋል

ፍርድ ቤት በአንድ ሰው ላይ ፈርዶ ወደ ወህኒ ቤት በሚሰድበት ቀን ብዙ ሰው ይሰበሰባል። ዳኛው በወንበሩ፣ ዐቃቤ ሕጉ በጠረጴዛው፣ ጠበቃው በጐኑ፣ ዘመዱም በስተኋላው ይገኛሉ፤ ጸሓፊውም የተነገረውን ሁሉ በመዝገብ ያገባዋል። ያው ሰው የተፈረደበትን ዘመን ፈጽሞ በሚወጣበት ቀን ግን ከዘበኛው በቀር በደጃፉ ላይ የሚገኝ ሰው ብዙ ጊዜ የለም። መንግሥታት ለመግቢያው ያደረጉትን ጥንቃቄ ያህል ለመውጫው አለማድረጋቸው በብዙ አገር የሚታይ ነገር ነው። የዚህም ጕድለት ዋጋ ስንት እንደ ሆነ በቍጥር ጽፈው ካስቀመጡት አገሮች አንዱ የአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ነው።

ስለዚህ ነገር ዛሬ መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አገር የሃይማኖት ማኅበሮች ከወህኒ የሚወጡት ሰዎች ወደ ወንጀልና ወደ ሱስ እንዳይመለሱ ለመርዳት ብዙ ሥራ አቋቁመዋል፤ ከሥራውም አንዳንዱ ምን እንዳፈራና ምን እንዳላፈራ በሚገባ ተመርምሯል። የምርመራው ውጤት ለሹማምንትም ለካህናትም የሚሆን ትምህርት አለበት፤ ይልቁንም ያልተሳካው ከተሳካው የበለጠ የሚያስተምርበት ስፍራ አለ። በዚህ ጽሑፍ የውጭው አገር ዓመት ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድመን የነገሩን መጠን እንመልከት። በአሜሪካ በየክፍለ ሀገሩ ወህኒ ቤት ከሚታሰሩት ሰዎች ከመቶው ቢያንስ 95 የሚሆኑት አንድ ቀን ተፈተው ይወጣሉ። የፍትሕ ሚኒስቴሩ የስታቲስቲክ ክፍል በ2005 በ30 ክፍላተ ሀገር ከወህኒ የወጡትን ከ400 ሺሕ የሚበልጡ ሰዎች ተከታትሎ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ከመቶው 68 ያህሉ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ደግሞ 83 ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደ ገና በፖሊስ ተይዘው ተገኝተዋል። መያዝ ማለት መፈረድ እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ በከንቱ የተያዘም ይኖራል። ይሁን እንጂ ቍጥሩ በግማሽ እንኳ ቢቀነስ፤ ወህኒ ቤቱ ሰውን ከማረም ይልቅ ወደ ወህኒ የሚመልሰውን መንገድ እንደሚያስተምረው ለማወቅ በቂ ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ወደ ወንጀል ለመመለስ እንኳ ዕድሜ ያላገኙት ሰዎች ነገር ነው። በስተ ምዕራብ ባለው በዋሺንግተን ክፍለ ሀገር ከ1999 እስከ 2003 ከወህኒ ቤት የወጡትን 30,237 ሰዎች የተከታተሉ ሐኪሞች በ2007 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጡት፤ ከወጡ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ የነዚህ ሰዎች የሞት መጠን በዚያው አገር ከሚኖረው ከሌላው ሕዝብ 12.7 ጊዜ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አደንዛዥ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዶ መሞት ብቻ ተለይቶ ቢታይ ደግሞ 129 ጊዜ እጥፍ ነበር። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ሰውዬው በወህኒ ሳለ አካሉ ዕፁን መልመዱን ይተዋል፤ ልቡ ግን አልተወም። በወጣ በሳምንቱ የቀድሞ ጓደኛው ያገኘዋል፤ ቀድሞ ይወስደው የነበረውን ያህል መጠን ይወስዳል፤ ያ መጠን ግን አሁን ይገድለዋል። ርኩስ መንፈስ ከሰው ወጥቶ ሲመለስ ቤቱን ተጠርጎና ባዶ ሆኖ ያገኘበትን የወንጌል ምሳሌ የሚያውቅ ካህን ይህን ነገር ከሐኪሙ አስቀድሞ ያስተውለዋል።

በአሜሪካ በዚህ ሥራ ስማቸው ከታወቀው ሰዎች አንዱ ቻርልስ ኮልሰን ነው። ይህ ሰው የፕሬዚዳንት ኒክሰን የቅርብ አማካሪና በቤተ መንግሥቱም የተፈራ ሹም ነበር። በ1974 የፍርድን ሥራ በማሰናከል ጥፋተኛ መሆኑን አምኖ ሰባት ወር ታሰረ። ከወጣ በኋላም በ1976 ፕሪዝን ፌሎሺፕ የተባለውን የእስረኞች ረዳት ማኅበር አቋቁሞ በ2012 እስከ ሞተ ድረስ በዚሁ ሥራ ኖረ። ሹም የነበረ ሰው ታስሮ መውጣቱ በየትም አገር ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከወጣ በኋላ የወህኒውን ደጅ ያልረሳ ግን ጥቂት ነው።

ይህ ማኅበር በ1997፣ ጆርጅ ቡሽ ልጁ የቴክሳስ አገረ ገዥ ሳሉ፣ በሂውስተን ከተማ አጠገብ ባለ አንድ ወህኒ ቤት ኢነርቼንጅ የተባለውን ትምህርት ጀመረ። እስረኛው በፈቃዱ ይገባል፤ ቀኑን በጸሎት፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርትና በሥራ ያሳልፋል፤ ከከተማው አብያተ ክርስቲያናትም አንድ መካሪ ይሰጠዋል። ይህም መካሪ በወህኒ ሳለ እየመጣ ይጐበኘዋል፤ ከወጣም በኋላ እንዲከታተለው ታስቧል።

በ2003 የዚህ ትምህርት ውጤት በታተመ ጊዜ ብዙ ደስታ ሆነ። ትምህርቱን ከፈጸሙት 75 ሰዎች መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ወህኒ የተመለሱት ከመቶው 8፣ ይኸውም 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በጥፋታቸውና በጠባያቸው እነርሱን ከሚመስሉት፣ ነገር ግን ትምህርቱን ካልወሰዱት 1,754 ሰዎች መካከል የተመለሱት ግን ከመቶው 20 ያህል ነበሩ። ይህን ያየ ሁሉ፤ እነሆ ሃይማኖት ወህኒ ቤት ያላደረገውን አደረገ፤ አለ።

ዳሩ ግን ወደ ትምህርቱ የገቡት 75 ሳይሆኑ 177 ነበሩ። የቀሩት 102 ሰዎች ወዴት ሄዱ? አንዳንዱ በፈቃዱ ተወ፤ አንዳንዱ በጥፋቱ ተባረረ፤ ብዙዎቹም ትምህርቱ ሳያልቅ ቀደም ብለው በአመክሮ ተፈቱ። እነዚህም ሁሉ ተጨምረው ሲቈጠሩ ከ177ቱ ወደ ወህኒ የተመለሱት 43፣ ማለት ከመቶው 24 ሆኑ። ይህም ትምህርቱን ፈጽሞ ካላዩት ሰዎች ቍጥር በጥቂቱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ነገሩን አጥብቀው ከነቀፉት ሊቃውንት አንዱ፣ የመንግሥት አስተዳደር መምህር የነበሩት ማርክ ክላይማን፣ ጥያቄያቸውን ያነሡት በዚህ ላይ ነበር። ምክንያቱም «ፈጸመ» ለመባል ትምህርቱን መማር ብቻ አይበቃም፤ ከወህኒ ከወጣ በኋላ ሥራ ይዞ ሦስት ወር መቈየት ያስፈልግ ነበር። ሥራ ይዞ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ኢነርቼንጅን ቢያውቅም ባያውቅም ወደ ወህኒ የመመለሱ ነገር ያነሰ ነው።

ካህናት አንባቢዎቻችን ነገሩን በራሳቸው ትምህርት ቤት መስለው ቢያዩት ፈጥኖ ይገለጥላቸዋል። ፊደል ከቈጠሩት መቶ ልጆች መካከል ቅኔ ቤት የደረሱትን አሥሩን ብቻ ቈጥረው፤ ከእኔ የተማረ ሁሉ ባለ ቅኔ ይሆናል፤ የሚሉ የኔታ ቢኖሩ ማን ያምናቸዋል? በመንገድ የቀሩት ዘጠናውም ልጆች የርሳቸው ተማሮች ነበሩ።

ሐሰት ተጽፏል ለማለት አይደለም። ሁለቱም ቍጥር፣ የ8ቱም የ24ቱም፣ በዚያው በመርማሪው ጽሑፍ ውስጥ ይገኝ ነበር፤ ጕዳቱ የመጣው ሰዎች ደስ የሚያሰኘውን አንሥተው የሚያሳዝነውን በመተዋቸው ነው። በሌላው ወገን ደግሞ፤ እንግዲያው የሃይማኖት ርዳታ ከንቱ ነው፤ ብለው የፈረዱ ነበሩ፤ እነዚህም ቸኵለዋል። ትምህርቱ ሳያልቅ የተፈታ ሰው ዋናውን ነገር፣ ከደጅ ወዲያ የሚከተለውን መካሪ፣ ገና በሚገባ አላገኘውም። የቴክሳስ ቍጥር ሃይማኖት አይረዳም አላለም፤ በወህኒ ግድግዳ ውስጥ የሚሰበክ ስብከት ብቻውን ሰውን ከግድግዳው ውጭ አይጠብቀውም አለ እንጂ።

ይኸው ትምህርት በአዮዋ ክፍለ ሀገር ሌላ ችግር ገጠመው። በዚያ ለትምህርቱ ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉን መንግሥት ይከፍል ነበር፤ ትምህርቱን የተቀበሉትም እስረኞች ከሌሎቹ የተሻለ ማደሪያ ነበራቸው። ትምህርቱ ግን የአንድ ወገን የክርስትና ትምህርት ስለ ነበረ ሌላ ሃይማኖት ያለው እስረኛ እምነቱን ሳይጐዳ ሊገባበት የሚችል አልነበረም። በ2006 የፌዴራል ዳኛው ሮበርት ፕራት፤ ይህ የመንግሥትን ሥራ ከሃይማኖት ጋራ መቀላቀል ስለ ሆነ ከሕገ መንግሥቱ ጋራ አይስማማም፤ ብለው ፈረዱ፤ ማኅበሩም የተቀበለውን ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ እንዲመልስ አዘዙ። በ2007 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስለ ገንዘቡ የተሰጠውን ትእዛዝ በብዙ ቢያቃልለውም ዋናውን ፍርድ አጸና።

በዚህ ፍርድ ያዘኑ የሃይማኖት ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ እኛ ግን ከመንግሥት ይልቅ ለሃይማኖት የጠቀመ ፍርድ ይመስለናል። የተሻለ ክፍል ለማግኘት ሲል የሚጸልየውን እስረኛና ከልቡ የሚጸልየውን ማን ይለያቸዋል? እንጀራና መኝታ ለንስሓ ዋጋ ሆኖ የቀረበ እንደ ሆነ ንስሓው ሁሉ በአንድነት ይጠረጠራል፤ እውነተኛው ንስሓ ገቢም ከግብዙ ጋራ አብሮ ይታማል።

የሚኔሶታው ነገር ከዚህ ይለያል። በዚያ ኢነርቼንጅ በ2002 ሲጀመር ከመንግሥት ገንዘብ ሳይወስድ በበጎ አድራጊዎች ስጦታና በፈቃደኞች ድካም ቆመ። የክፍለ ሀገሩ የወህኒ ቤቶች አስተዳደር ተመራማሪ ግራንት ዱዊ ከባልደረባቸው ጋራ በ2013 ባሳተሙት ምርመራ፤ ከ2003 እስከ 2009 ከወህኒ የወጡትን 732 ሰዎች፣ ግማሾቹን ትምህርቱን ከተካፈሉት፣ ግማሾቹንም ካልተካፈሉት ወስደው አመዛዘኑ። በተካፈሉት ዘንድ እንደ ገና የመያዝ ነገር ከመቶው በ26፣ እንደ ገና የመፈረድ ነገር በ35፣ በአዲስ ወንጀል ወደ ወህኒ የመመለስ ነገር በ40 ቀንሶ ተገኘ። የአመክሮን ትእዛዝ በመተላለፍ ስለሚመለሱት ግን ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። መርማሪዎቹ ይህን ሁሉ ለምን እንደ ሆነ ሲጠይቁ ያገኙት መልስ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ነው፤ ይኸውም ለመልካሙ ውጤት በከፊል ምክንያት የሆነው በወህኒ ውስጥ የጀመረው መካሪ ከወህኒም ውጭ ሳይለይ መቀጠሉ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ይህን የሚያጸና ሌላም ምርመራ በዚያው አገር ተደርጓል። ከ2003 እስከ 2007 ከሚኔሶታ ወህኒ ቤቶች የወጡ 16,420 ሰዎች በታሰሩበት ዘመን ማን ይጠይቃቸው እንደ ነበረ ከመዝገብ ተፈልጎ ከኋለኛው ጠባያቸው ጋራ ተመዛዘነ። ጠያቂ የነበረው ሰው፣ በጠቅላላው ሲታይ፣ ጠያቂ ካልነበረው ይልቅ በከባድ ወንጀል እንደ ገና የመፈረዱ ነገር ከመቶው በ13 አንሶ ተገኘ። ጠያቂዎቹም በየዐይነታቸው ተለይተው ሲታዩ ከሁሉ ይልቅ የጠቀሙት አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ አማቾች፣ ደግሞም የሃይማኖት አባቶች ሆኑ። የተፋታች ሚስት ወይም የተፋታ ባል መጠየቅ ግን ይጐዳ እንጂ አይጠቅምም ነበር፤ ይህን ያለ ተጨማሪ ሐተታ እናልፈዋለን። ካህን ከአባትና ከወንድም ጋራ በአንድ ተራ መቈጠሩ ለካህናት ትልቅ ክብር ነው፤ የክብሩም ምክንያት ካህኑ በእግሩ ሄዶ እስረኛውን መጠየቁ እንደ ሆነ መርሳት አይገባም።

ይህም ነገር የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። ማልኮም ኤክስ በሌብነት ተይዞ ከ1946 እስከ 1952 በማሳቹሴትስ በታሰረ ጊዜ ዕፁንና የቀድሞ ኑሮውን የተወው በኔሽን ኦፍ ኢስላም ትምህርት ነበር። ስለዚህ ሰው ሲነገር በወህኒ ስላነበባቸው መጻሕፍት ብዙ ይባላል፤ ወንድሞቹና እኅቶቹ ወደ ወህኒው ይጽፉለት እንደ ነበረ፣ በወጣም ጊዜ በዲትሮይት የወንድሙ ቤትና በዕቃ መሸጫ ሱቅ የተገኘለት ሥራ ይጠብቁት እንደ ነበረ ግን እምብዛም አይነሣም።

የመጠራጠር መብት ያለው አንባቢ፤ በፈቃዱ ወደ ሃይማኖት ትምህርት የገባ ሰው ከመጀመሪያውም ለመታረም የቈረጠ ነው፤ ስለዚህ የተሻለው በትምህርቱ ሳይሆን በራሱ ቍርጥ ሐሳብ ይሆናል፤ ሊል ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ የሚፈታበትም መንገድ ዕጣ ነው። በይሁዳ ፋንታ ማትያስ በዕጣ እንደ ተመረጠ የምናውቅ ሰዎች ዕጣ አድልዎን እንደሚያርቅ አንጠራጠርም፤ የዛሬዎቹም ሊቃውንት ሁለቱን ወገን በዕጣ የሚከፍሉት ስለዚሁ ነው። በ1994 በካናዳ በሃሚልተን ከተማ አንድ የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ፤ በሕፃናት ላይ በፈጸመው በደል ታስሮ የተፈታውንና ማንም ሊቀበለው ያልወደደውን አንድ ሰው የሚከብቡ ጥቂት ምእመናን ሰበሰበ። ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ ፈቃደኞች አንዱን ሰው ይዘው፤ ሥራ ሲፈልግ የሚረዱት፣ ወደ ክፉ ነገር ሲያዘነብልም ፊት ለፊት የሚገሥጹት ይሆናሉ። ሚኔሶታ ይህንኑ ሥርዓት ወስዶ ማን እንደሚገባበት በዕጣ ለየ፤ በ2018 የታተመውም ውጤት በዚያው ዐይነት ወንጀል እንደ ገና የመያዝ ነገር ከመቶው በ88 መቀነሱን ገለጠ። የተመረመሩት ሰዎች መቶ ያህል ብቻ ስለ ነበሩ ቍጥሩን እንደ ዘላለም ሕግ መያዝ አይገባም፤ ነገር ግን የዕጣው ምስክርነት ከፈቃደኞቹ ምስክርነት ጋራ ወደ አንድ ወገን ያመለክታል።

አሁን ወደ ሱስ ነገር እንመለስ፤ በዚህ በኩል የሃይማኖት ሰዎች የሚያደርጉት መልካም ነገርና የሚያደርሱት ጕዳት ሁለቱም በግልጥ ይታያሉ። መልካሙ ይህ ነው። በ1935 በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በአክሮን ከተማ አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ሐኪም፣ ሁለቱም በስካር የተጐዱ፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለውን ማኅበር ጀመሩ። ማኅበሩ ሰው ኀጢአቱን እንዲናዘዝ፣ የበደለውን እንዲክስና ከራሱ በሚበልጥ ኀይል እንዲታመን ያስተምራል፤ ከሁሉም በላይ ለአዲሱ ገቢ ቀድሞ ሰካራም የነበረ፣ በሌሊት ቢጠራ የሚሰማ አንድ ሰው ያገኝለታል። በ2020 ከ10 ሺሕ በላይ ሰዎች የተካፈሉባቸውን 27 ምርመራዎች ያመዛዘኑ ሊቃውንት፤ ወደዚህ ማኅበር በሥርዓት የሚመራ ሕክምና ከመጠጥ ፈጽሞ ለመራቅ ከሌሎቹ የታወቁ የምክር ሕክምናዎች የበለጠ እንደሚረዳ መስክረዋል።

ጕዳቱ ደግሞ ከሃይማኖት ማገገሚያ ቤቶች አንዳንዶቹ ሱሰኛው የሐኪም መድኀኒት እንዲወስድ አለመፍቀዳቸው ነው። ለሄሮይንና ለመሰሎቹ ሱስ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የተባሉ መድኀኒቶች አሉ፤ እነዚህ ቤቶች ግን፤ አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መለወጥ ነው፤ ይላሉ። የሮድ አይላንድ ክፍለ ሀገር በ2016 እነዚህን መድኀኒቶች በወህኒ ቤቶቹ ውስጥ መስጠት ከጀመረ በኋላ፤ ከወህኒ በወጡት ሰዎች ዘንድ ከመጠን በላይ በተወሰደ ዕፅ የሚሞተው በአንድ ዓመት ልዩነት ከመቶው በ61 ቀነሰ። እንግዲህ ሰውዬውን በሃይማኖት ስም ከዚህ መድኀኒት ከልክሎ በእነዚያ በሁለቱ ሳምንታት ወደ ከተማ መስደድ ምን ያህል አደጋ እንዳለበት ማስረዳት አያሻም። በአገራችን ይህን የመሰለ ክርክር ስለ ጠበልና ስለ ኤች አይ ቪ መድኀኒት ተነሥቶ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ብዙ ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኀኒቱን ከጠበሉ ጋራ መውሰድ ነውር እንደሌለበት በይፋ በተናገሩ ጊዜ፤ በሁለቱ መካከል ተጨንቆ ለነበረው በሽተኛ ትልቅ ዕረፍት ሆነለት። ለሱሰኛውም ያስፈለገው እንዲህ ያለ ቃል ነው።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚተርፈው ምንድን ነው? የአሜሪካን ሥርዓት እንዳለ አምጥቶ መትከል አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። እነርሱ በብዙ ድካም «መካሪ» ብለው የፈጠሩትን ሰው እኛ ከጥንት ጀምሮ የነፍስ አባት ብለን እንጠራዋለን። ኦርቶዶክሳዊ የሆነ ቤተ ሰብ ሁሉ ስሙን የሚያውቅ፣ ቤቱን የሚያውቅ፣ ምስጢሩን የሚጠብቅ አንድ ካህን እንዲኖረው ሥርዓት ነው። የነፍስ አባት ሥራ ለበዓል ጠበል ለመርጨትና ለቀብር ብቻ ነው የሚል ቀኖና ደግሞ የለም። የሙስሊሙም ወገን ሼኩና ኢማሙ፣ የወንጌላውያኑም ወገን መጋቢው ከዚህ የሚያንስ ቅርበት የላቸውም። ዕድሩና ማኅበሩም፣ ሰውን በሞቱ ጊዜ የሚሰበሰቡለትን ያህል ከወህኒ በወጣበት ቀን ቢሰበሰቡለት፣ ተጨማሪ ወጪ የሚጠይቃቸው ብዙ አይደለም።

ሕጉም ቢሆን በር አልዘጋም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ21ኛው አንቀጽ፤ በጥበቃ ሥር ያለና የታሰረ ሰው ከዘመዶቹና ከሐኪሙ ጋራ የሃይማኖት አማካሪውም እንዲጐበኘው መብት ሰጥቶታል። በ11ኛው አንቀጽ ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደንግጓል። እነዚህ ሁለቱ አንቀጾች የአዮዋው ዳኛ የለዩትን ወሰን ያለ ክርክር ይሰጡናል። የማረሚያ ቤቱ ሹም እስረኛውን ወደ ማንም ሃይማኖት ሊገፋው፣ ስለ ጸሎቱም የተሻለ መኝታ ሊሰጠው አይችልም። እስረኛው በፈቃዱ፤ የነፍስ አባቴን ጥሩልኝ፤ ወይም፤ ሼኬን ጥሩልኝ፤ ያለ እንደ ሆነ ግን ያን መብት የመፈጸም ግዴታ የሹሙ ነው።

ታዲያ ሥራው በሁለት ወገን ይከፈላል። የሹሙ ወገን ሥራ የጽሕፈት ሥራ ነው፤ የሚፈታበት ቀን የቀረበውን እስረኛ፤ ወደ የትኛው ሰፈር ትሄዳለህ፤ ማን እንዲቀበልህ ትወዳለህ፤ ብሎ መጠየቅና ለዚያ ሰው ደብዳቤ መላክ፤ ሱስ ያለበት እንደ ሆነም የሕክምናውን ወረቀት ከእርሱ ጋራ መስደድ ነው። የካህኑ ወገን ሥራ ግን የእግር ሥራ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ፣ ራሱ ታስሮ ሳለ፣ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና የጻፈው መልእክት በየቤተ ክርስቲያኑ ይነበባል። ያ መልእክት ጠፍቶ የነበረን አንድ ሰው፤ እንደ ወንድም ተቀበለው፤ ዕዳም ካለበት በእኔ ላይ ቍጠረው፤ የሚል የዋስትና ደብዳቤ መሆኑን ግን ስንቶቻችን አስተውለነዋል? ከወህኒ የሚወጣ ሰው የበደለው ሰው አለው፤ ካሣ ያልተከፈለበት ደም ወይም ገንዘብ አለበት፤ ይህን ለማስታረቅ ከሽማግሌና ከካህን የሚሻል በየሰፈሩ የለም። ያለ ዕርቅ የተመለሰ ሰው በቀድሞ ሰፈሩ አይቀመጥም፤ ወደ ማያውቀው ከተማ ይሰደዳል፤ በዚያም የሚያገኘው ወዳጅ በወህኒ የተዋወቀው ነው።

ሥራውን የሚጀምር ማኅበርም ሆነ መሥሪያ ቤት ቢኖር፤ የቴክሳስን ስሕተት እንዳይደግም በመጀመሪያው ቀን የገቡበትን ሁሉ ስም በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ የሄደውም፣ የተባረረውም፣ እንደ ገና የታሰረውም ከመዝገቡ አይፋቅ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠየቅም ስለ ጸኑት ብቻ ሳይሆን ስለ ሁሉም ይመልስ። ለካህኑ የሚላከው ደብዳቤ ደግሞ እስረኛው ከወጣ በኋላ የሚጻፍ ከሆነ አይጠቅምም፤ ቢያንስ ከመፍቻው ቀን አንድ ወር አስቀድሞ ደርሶ ካህኑ አንድ ጊዜ ወደ ወህኒው ሄዶ ሰውዬውን በዐይኑ ሊያውቀው ያስፈልጋል። በዋሺንግተን የሞቱ አደጋ ከሁሉ ይልቅ በርትቶ የተገኘው ከደጅ በወጡ በ14 ቀን ውስጥ ነው።